ቄጤማን አወፍሩልኝ

(ለግራፊክ ዲዛይን ተማሪዎች በቃል ከተናገርኩት የተጻፈ። ስክሪን ላይ ያሳየኋቸውን ምስሎች እዚህ በቃላት ለመግለጽ ሞክሬያለሁ።)

እሺ፣ ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ጥሩ።

በኬክ ልጀምር። ሥራ ስጀምር ካገኘኋቸው ደንበኞች አንዱ ኬክ ቤት ሊከፍት ያሰበ ሰውዬ ነበር። ባነር ፈለገ። ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሚፈልግ ስጠይቀው «እንደ ኬኩ ይሁን» አለኝ። «ለስለስ ያለ፣ ጠገብ ያለ፣ ልጅ ሲያየው እጁን የሚሰድበት።» እስከዛሬ ከደንበኛ የሰማሁት ምርጥ ትእዛዝ ይሄ ነው። ሰውዬው የፎንት ስም አያውቅም፤ የፈለገውን ግን በደንብ ያውቃል። ወፍራም፣ ጫፉ ክብ፣ ጌጥ የሌለው ሳንሰሪፍ ነው የፈለገው።

እንዲህ ያለ የአማርኛ ፎንት በእጄ አልነበረም። ምን አደረግሁ? ስስ ፎንት ወሰድኩ፣ «ኬክ ቤት» ብዬ ጻፍኩ፣ ዙሪያውን ወፈር ያለ ስትሮክ፣ ማለትም የዙሪያ መስመር፣ ጨመርኩበት፣ ማዕዘኑን ክብ አድርግ የምትለውን ቁልፍ ተጫንኩ። ወዲያው እንደ ፓስቲ ተነፋ። ደስ አለኝ። 3 ሜትር ባነር ታተመ፣ ተሰቀለ።

በማግስቱ ጠዋት ስልክ ተደወለ።

«ስማ አንተ ልጅ፣ ኪክ ቢት ምንድን ነው?»

«ጋሼ፣ ኬክ ቤት ነው እኮ የሚለው።»

«ላንተ ነዋ! የሰፈሩ ልጆች ከጠዋት ጀምሮ ‹ክክ አለ?› እያሉኝ ነው የሚያልፉት።»

ሄጄ አየሁት። እውነታቸውን ነው። የኬ ቀለበት በስትሮኩ ተሞልታ ጠፍታለች። የቤም እንደዚያው። ቀዳዳዋ ከተዘጋች ቀለበት የነበረችው ነገር ወፍራም እግር ትሆናለች፤ ኃምስ ሳልስ ሆነ ማለት ነው። ባነሩን በራሴ ገንዘብ እንደገና አሳተምኩ። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ የዚያ ባነር ዋጋ ነው፤ እናንተ በነጻ ትሰሙታላችሁ።

አሁን ትንሽ ወደኋላ እንሂድ። ክብ ጫፍ ከየት መጣ? ብዙ ሰው ዲዛይነር ቁጭ ብሎ «ቆንጆ ይሁን» ብሎ የፈጠረው ይመስለዋል። አይደለም። ከመሣሪያው ነው የመጣው። ብረት ወይም እንጨት ላይ ፊደል የሚቀርጸው የሚሽከረከር መሰርሰሪያ ክብ ነው፤ ሲጀምርም ሲጨርስም ክብ ጫፍ ይተዋል። የኒዮን መብራት የመስታወት ቱቦ ነው፤ ቱቦ ደግሞ ሹል ማዕዘን አይታጠፍም። የድሮ መሐንዲሶች ፕላን ላይ የሚጽፉበት የቀለም ብዕር ጫፉ ቱቦ ስለሆነ መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ውፍረት አለው። ዲዛይነሮች የመጡት በኋላ ነው። ያንን መልክ አይተው «ይሄ ደስ ይላል» አሉና ፎንት አደረጉት።

በ1970 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሌትራሴት የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ፍራንክፈርተር የሚል ፎንት አወጣ። ቦብ ኒውማን የሚባል ሰው ነው የሠራው። ስሙን ልብ በሉ፣ የቋሊማ ስም ነው! ፊደሎቹም ቋሊማ ናቸው፤ ወፍራም፣ ጫፋቸው የተቋጠረ። ያኔ ኮምፒውተር ላይ አይደለም የሚሠራው። ፊደሉ በፕላስቲክ ወረቀት ላይ ታትሞ ይሸጣል፣ ገዝታችሁ ወረቀታችሁ ላይ አድርጋችሁ በጀርባው ትፈትጉታላችሁ፣ ይለጠፋል።

ከዚያ 1979 መጣ። ይሄኛውን የምወደው ከቮልስ ጋር ስለሚያያዝ ነው። አዎ፣ የኛው ቮልስ፣ አዲስ አበባ ዳገት ላይ እያቃሰተች የምትወጣው። ፎልክስዋገንና አውዲ የሽያጭ መረባቸውን አንድ ላይ አደረጉና ቪ.ኤ.ጂ. አሉት። ችግሩ ፎልክስዋገን ፉቱራ ነበር የሚጠቀመው፣ ጌጥ የሌለው ፎንት። አውዲ ደግሞ ታይምስ፣ ባለ ጌጡን። ሁለት ቤተሰብ ሲጋባ የማን ቋንቋ ይነገር እንደማለት ነው። መልሱ የሁለቱም ያልሆነ አዲስ ፎንት መሥራት ሆነ፤ ቪ.ኤ.ጂ. ራውንድድ። ጫፉ ሁሉ ክብ ነው። መኪናውን ትቶ ዓለምን ዞረ። የአፕል ላፕቶፕ ኪቦርድ ላይ ለዓመታት የነበሩት ፊደላት እሱ ናቸው፤ በ2015 አካባቢ ነው በሌላ መተካት የጀመሩት። ጣታችሁ ስንት ጊዜ ነክቶታል፣ ስሙን ግን ዛሬ ነው የሰማችሁት።

ወደ ፊደላችን ልምጣ።

አንድ ጓደኛዬ፣ ጎበዝ ዲዛይነር ነው፣ «ክብ ጫፍ ለግዕዝ ፊደል ባዕድ ነው፣ ፊደላችን ስለት አለው» ይላል። ብራና ላይ ያለውን ፊደል እያየ ነው። ልክ ነው፣ የመቃ ብዕር ጫፉ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ስለሚሆን ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ ወፍራም፣ ወደ ሌላው ሲሄድ ስስ ያወጣል። የመጀመሪያው በግዕዝ የታተመ መጽሐፍ፣ በ1513 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሮም ላይ የወጣው መዝሙረ ዳዊት፣ የብረት ፊደሉ የተቀረጸው ያንን የብራና መልክ ተከትሎ ነው። ጓደኛዬ እዚህ ድረስ ልክ ነው።

ግን ደብተራችሁን ግለጡ። በምንድን ነው የጻፋችሁት? በእስክሪብቶ። የእስክሪብቶ ጫፍ ምንድን ነው? ኳስ ነው። ስትወርዱም ስትወጡም አንድ ውፍረት፣ ስትጀምሩም ስትጨርሱም ክብ ጫፍ። እናንተም እኔም ሀ ሁ ብለን መጻፍ ከጀመርንበት ቀን አንስቶ እጃችን የሚያውቀው ፊደል ክብ ጫፍ ሳንሰሪፍ ነው! እናቴ ለጎረቤት የምትተዋት ብጣሽ ወረቀት፣ የሱቅ የዱቤ መዝገብ፣ የዕድር ደብተር፣ ሁሉም። ስለዚህ ባዕድ ነው የሚለውን እኔ አልቀበልም። ባዕድ የሚሆነው የላቲኑን ፎንት ቅርጽ ይዘን ፊደላችንን በግድ ስናስገባበት ነው። ከራሳችን እስክሪብቶ ከተነሳን ቤታችን ነን።

ከባዱ ማወፈሩ ነው።

ላቲን ውስጥ አንድ ፊደል ከሌላው በሰፊው ይለያል። እኛ ጋ ልዩነቱ ትንሽ ነገር ላይ ነው ያለው። አንዲት እግር፣ አንዲት ቀለበት፣ ከላይ አንድ ሰረዝ። ስታወፍሩ ትልቁ ትንሿን ይበላል። ቁጥር ላስቀምጥ፣ በቁጥር ነው የሚገባው። የፊደሉ ቁመት 100 ነው እንበል። ስስ ስትሆን መስመሯ 8 ናት፣ የኃምሷ ቀለበት ከውጭ እስከ ውጭ 26። ቀዳዳዋ ስንት ቀረ? በግራ 8 በቀኝ 8 ሲነሳ 10። በደንብ ይታያል። አሁን መስመሩን 20 አድርጉት። 20 እና 20፣ 40 ሆነ። ቀለበቷ 26 ብቻ ናት። ቀዳዳ የለም። ኬክ ቤት ኪክ ቢት ሆነ።

ስለዚህ ሁለት ነገር ታደርጋላችሁ። ቀለበቷን ታሳድጋላችሁ፣ 36 ድረስ ትሂድ። የቀለበቷን መስመር ደግሞ ከዋናው ታቀጥናላችሁ፣ 12 ይሁን። ቀዳዳው 12 ሆነ፣ ተነፈሰች። ዐይን አይለየውም ወይ ትሉኛላችሁ፣ የ20 እና የ12 ልዩነት አይታይም ወይ? አይታይም። ትንሽ ክብ ነገር ስስ ቢሆንም ወፍራም ነው የሚመስለው። አትመኑኝ፣ ሞክሩት።

ካዕብና ሳልስስ? ሉ እና ሊ። የሉ እግር መሐል ላይ ናት፣ የሊ ታች። በስስ ፊደል ርቀታቸው በደንብ ይታያል። ስታወፍሩ ግን የሉ እግር ወደታች እየሰፋች ትመጣለች፤ ከሩቅ የሚያይ ሰው «ቡና» ይሁን «ቢና» አውቆ ሳይሆን ገምቶ ነው የሚያነበው። ስለዚህ የካዕቧን እግር ከመሐል ትንሽ ከፍ አድርጓት። ከደንቡ ውጭ ናት፣ አውቃለሁ። ባ እና ቦም በእግር ርዝመት ነው የሚለዩት፣ አንዷ የቀኝ እግሯ ይረዝማል፣ አንዷ የግራ። ጫፉ ክብ ሲሆን አጭሯ እግር የበለጠ አጭር፣ ጉቶ ትመስላለች። ልዩነቱን አጋንኑት። በዚህ ዓይነት ፊደል ዓይናፋርነት አያዋጣም።

ከላይ ሰረዝ ያላቸው ሌላ ጣጣ ናቸው። ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ዠ፣ ጀ። ሰ ላይ ሰረዝ ጭናችሁ ሸ አደረጋችሁ። ሰረዟ 20፣ የሰ ጣሪያ 20፣ ተጣብቀው 40 ሆኑ፤ ሸ ኮፍያ ያጠለቀች ሰ ሆነች። እኔ የማደርገው ሰረዟን በጎን ማስረዘም ነው። ግራና ቀኝ ትንሽ ወጣ ስትል ከሩቅም ትታያለች። ሰረዟንም ጣሪያውንም ትንሽ ትንሽ አቀጥናለሁ። ፎንት ውስጥ ያለ እያንዳንዱ መስመር እኩል ውፍረት ሊኖረው ይገባል ብሎ ያስተማራችሁ ሰው ካለ፣ ይቅር ይበለውና፣ ጠ ሠርቶ አያውቅም። ጠ እና ሐ ሦስት እግር አላቸው። ሦስት ጊዜ 20፣ 60። በእግሮቹ መካከል አየር ሲጨመር ፊደሏ ሰፍታ ሰፍታ ከጎኗ ያለችው ነ እንደ ሕፃን ልጅ ትታያለች። የመሐሏን እግር 15 አድርጉ፣ ማንም አያያችሁም።

ስለ ጫፉም አንድ ነገር ልበል። ክብ ጫፍ ሲባል ሁላችሁም ትክክለኛ ግማሽ ክብ ነው የምታደርጉት፣ ኮምፒውተሩ ያንን ስለሚሰጣችሁ። ትክክለኛ ግማሽ ክብ ወፍራም መስመር ጫፍ ላይ ሲቀመጥ ግን የሾለ ይመስላል። እንደ ጣት። ትንሽ ጠፍጠፍ አድርጉት፣ የድፎ ዳቦ ጠርዝ እንደሚመስለው። እና ደግሞ ክብ ጫፍ ያለው እግር ከጠፍጣፋው አጠር ብሎ ስለሚታይ ከመስመሩ ትንሽ አሳልፋችሁ አውርዱት። ይሄ በማስመሪያ የሚታይ አይደለም፤ ማስመሪያው «ተሳሳታችሁ» ይላችኋል፣ ዓይናችሁ ግን «አሁን ተስተካከለ» ይላል። ዓይናችሁን ስሙ።

እዚህ ላይ አንድ ልጅ እጁን አነሳ። «ታዲያ ለምን በአማርኛ እንዲህ ያለ ፎንት እንደ ልብ የለም?» አለ። ቁጠሩ አልኩት። ላቲን ለማስታወቂያ ብቻ የሚሆን ፎንት በ26 ትልልቅ ፊደል ገበያ ሊወጣ ይችላል። እኛ 33ቱን በ7 ስናበዛ 231፣ ቨን ከነቤተሰቧ ስንጨምር 238፣ ከዚያ ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ኋ፣ ሏ፣ ቧ እያለ ይቀጥላል፣ ከዚያ አራት ነጥቡ፣ ነጠላ ሰረዙ፣ የግዕዝ ቁጥሩ። እያንዳንዷ እንደ ኬ የራሷ ችግር አላት። የወራት ሥራ ነው፤ ሲያልቅ ደግሞ በቴሌግራም በነጻ ይዞራል። ቋን ያየ ሰው ይረዳኛል።

ስለዚህ ምክሬ ምንድን ነው? ለአንድ ሱቅ ስም ፎንት አያስፈልጋችሁም። አምስት ስድስት ፊደል ብቻ ሣሉ። መነሻ ከፈለጋችሁ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አለ፤ ፈቃዱ ክፍት ነው፣ ከስስ እስከ በጣም ወፍራም 9 ደረጃ አለው። ጫፉ ክብ አይደለም፣ ግን ወፍራሙ እንዲሁ የተነፋ ሳይሆን እንደ ወፍራም የተሣለ ስለሆነ ቀለበቶቹ ክፍት ናቸው። ከእሱ ተነስታችሁ ጫፉን ማዞር፣ ስስ ወስዶ በስትሮክ ከማወፈር ሺህ ጊዜ ይሻላል። የድሮዎቹን የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች ግን ለባነር ካልሆነ ተዉአቸው። ፊደሉ በላቲን ኮድ ላይ የተለጠፈ ስለሆነ ጽሑፉን ቀድታችሁ ሌላ ቦታ ስትለጥፉት የማይነበብ ዝባዝንኬ ይሆናል። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፣ ይበቃል።

አሁን የት እንጠቀመው? የስቲከር ቤት የሠራ አለ? አዎ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ፕሎተሩ ስቲከሩን ሲቆርጥ ሹል ማዕዘን ያለው ፊደል መጀመሪያ የሚነሳው ከማዕዘኑ ነው። ሚኒባስ መስኮት ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ጫፍ ጫፉ ተገልብጦ አይታችሁ የለ? ፀሐይና የረዳቱ ጥፍር ነው። ክብ ጫፍ ግን የሚነሳበት ጥግ የለውም፣ ይቆያል። እንጨት ወይም አክሪሊክ በማሽን ስታስቆርጡም መሰርሰሪያው ክብ ስለሆነ ውስጠኛውን ማዕዘን እንደፈለጋችሁ ሹል አያደርግላችሁም፤ ፊደላችሁ አስቀድሞ ክብ ከሆነ ከማሽኑ ጋር አትጣሉም። ውስጡ መብራት የሚገባበት ፊደል ከሆነ ደግሞ ወፍራሙ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል፣ አምፖሎቹ የሚደረደሩበት ቦታ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ጁስ ቤት፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ የልጆች መጽሐፍ ሽፋን፣ አፕ ላይ ያለች አንዲት ትልቅ ቁልፍ፣ የብስኩት ማሸጊያ፣ ሁሉም ይሄን ፊደል ይሸከማሉ።

ረጅም ጽሑፍ አይሸከምም። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል የለውም፣ አብዛኛው በተቀራረበ ቁመት ነው የሚሰለፈው፤ ሦስት መስመር ወፍራም ፊደል ደርድሩ፣ ግድግዳ ገነባችሁ። አንድ መስመር፣ ቢበዛ ሁለት፣ በመካከላቸው ሰፋ ያለ አየር። ስልክ ላይ በትንሹ አትጻፉበት። የመድኃኒት አወሳሰድ አትጻፉበት፣ እዚያ አንዲት ቀለበት ብትዘጋ ሳቅ አይደለም። የለቅሶ ማስታወቂያም እንደዚያው። አንድ ጊዜ እንዲህ ባለ ፓስቲ ፊደል «ሥርዓተ ቀብር» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ አይቼ ማልቀስም መሳቅም አቅቶኝ ቆሜ ነበር። የሞቱትን አላውቃቸውም። ነፍስ ይማር።

እሺ፣ እስክሪብቶ አውጡ። «ቄጤማ» ብላችሁ ጻፉ። ማንም ፊደል ሲሠራ የምሰጠው ፈተና ይቺ ቃል ናት። ቄ ራሷም ላይ፣ እግሯም ላይ ቀዳዳ አላት። ጤ ሦስት እግር ይዛ ቀለበት ትጨምራለች። ማ ሁለቱ ሆዶቿ እንዳይደፈኑ ትታገላለች። ይሄ የመጀመሪያው የእጃችሁ ነው፣ አትንኩት። ከጎኑ ያንኑ ቃል እንደገና ጻፉና አሁን በማርከር አወፍሩት። ከውጭ አወፍሩ፣ ወደ ውስጥ አትግቡ።

አሥር ደቂቃ ሰጠኋቸው። እየዞርኩ አየሁ። የብዙዎቹ ጤ ሞታለች፤ አንዱ ጋ ጤማ የሚለው ጢማ ሆኖ ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ከመሐል አንዲት ልጅ ግን የጤን ቀለበት ከእግሯ ስር አውጥታ ወደ ጎን ገፋ አድርጋታለች፣ እግሯን በስሱ ብቻ እንድትነካ። ቀዳዳዋ ትልቅ፣ ክፍት። እኔ በዓመታት አላሰብኩትም ነበር። ከየት እንዳመጣችው ስጠይቃት፣ «አያቴ የዕድር ጸሐፊ ነው፣ እሱ እንዲህ ነው የሚጽፈው» አለችኝ።

ፎቶ አነሳሁት፤ አስፈቅጄ ነው። ኬክ ቤቱ አሁንም አለ፣ ጋሼም አሉ። ባነራቸው ፀሐይ በልቶት ነጥቷል። ቀጣዩ ላይ የሳቸው ኬ እና ቤ እንደዚያች ጤ ነው የሚሠሩት።